የእንቁራሪት ዓይን ሲጎዳ ተመልሶ ይበቅላል ወይ?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከቦርከና ወንዝ ዳር አንድ ዓይኗ ነጭ የሆነባት እንቁራሪት በባልዲ ይዘው መጡና «ሳላማንደር እግሩም ዓይኑም ይበቅላል ይባላል፤ የእሷስ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ራሴ ያነበብኩት የተምታታ ነው፤ አንዱ ጋ «ሌንስ ከአይሪስ ይበቅላል» ይላል፣ ሌላው ጋ «ከኮርኒያ»። የቱ ነው ልክ? ለክፍል የሚሆን ሙከራስ አለ? በዚያው ላይ እናቴ ደሴ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ አሁን እንደገና ደብዘዝ ብሎባታል። ሞራው ተመልሶ በቅሎ ይሆን?

ምላሽ፦ ሰላም መምህር። ያነበቧቸው ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለ አንድ እንስሳ አይደለም። ከአይሪስ (ብሌኑን ከከበበው ባለ ቀለም ቀለበት) ሌንስ የሚያበቅለው ጭራ ያለው የእንቁራሪት አስተኔ፣ የሳላማንደር ወገን የሆነው ኒውት ነው። ከኮርኒያ (ከዓይን ፊት ካለው ግልጽ ሽፋን) የሚያበቅለው ደግሞ ዜኖፐስ የሚባለው ባለ ጥፍር እንቁራሪት ነው፤ እሱም በእጭነቱ ዘመን ብቻ። «እንቁራሪት አስተኔዎች ዓይናቸውን መልሰው ያበቅላሉ» የሚለው አባባል እንዲሁ በጥቅሉ ሲወሰድ የሚያሳስተው ለዚህ ነው። የተጎዳው የትኛው የዓይን ክፍል ነው? እንስሳው ምንድን ነው? ዕድሜውስ? እነዚህ ሦስቱ ካልተለዩ መልስ የለውም።

ወደ ዝርዝሩ ሳልገባ ባልዲ ውስጥ ያለችውን እናስቀድም። ክፍሉን ጨለም አድርገው የስልክ መብራት ከጎን በኩል፣ ከአንድ ስንዝር ርቀት ያብሩባት፤ ከፊት ለፊት ካበሩት ነጸብራቁ ሁሉን ይሸፍናል። ነጩ ነገር የአይሪሱን ወርቃማ ቀለም ጭምር ከጋረደው ጉዳቱ ኮርኒያው ላይ ነው። አይሪሱ ጥርት ብሎ እየታየ ነጩ ብሌኑ ውስጥ ብቻ ከሆነ ግን የደፈረሰው ሌንሱ ነው። ከኮርኒያው የላይኛው ሽፋን ብቻ ከተላጠ፣ በእንቁራሪትም በሰውም፣ ከዳር ያሉት ሕዋሳት ተስበው ይሸፍኑታል፤ ካልመረቀዘ በቀናት ውስጥ መጥራት ይጀምራል። ሌንሱ ከሆነ ግን አይመለስም።

እስከዚያው ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃና ወጥታ የምትቀመጥበት ድንጋይ አድርገው ጥላ ውስጥ ያኑሯት። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክፍት ዕቃ ውስጥ ቢያንስ 24 ሰዓት ይደር፤ ክሎሪን በቆዳዋ በኩል ይጎዳታል። የሰው የዓይን ጠብታ አይጨምሩባት። ስትውጥ ዓይኖቿን ወደ አፏ ውስጥ ሳብ አድርጋ ምግቡን ወደ ጉሮሮ ትገፋበታለች፤ ስለዚህ ዓይኗ የታመመ እንቁራሪት ለመዋጥም ትቸገራለች፤ ትንንሽ ነፍሳት ይስጧት። ስትመለስ በተያዘችበት ቦታ ብቻ ትለቀቅ እንጂ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ሌላ ጅረት አትወሰድ። በዓለም ዙሪያ እንቁራሪቶችን የፈጀው የቆዳ ፈንገስ፣ ኪትሪድ የሚባለው፣ በአገራችን ደጋማ ቦታዎችም ተመዝግቧል፤ ከውኃ ወደ ውኃ የሚያሻግረው እንዲህ ያለው ዝውውር ነው።

አሁን ወደ ኒውት። ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። ከሰሃራ በታች ኒውትም ሆነ ሌላ ሳላማንደር በተፈጥሮ አይገኝም፤ በአህጉራችን ያሉት ሞሮኮ፣ አልጄሪያና ቱኒዚያ ናቸው። ተማሪዎችዎ ቦርከና ዳር ጭራ ያለው ነገር ካዩ ወይ የእንቁራሪት እጭ ነው ወይ እንሽላሊት።

የኒውትን ሌንስ መብቀል መጀመሪያ የጻፈው ጣሊያናዊው ኮሉቺ በ1891 ነው፤ ጀርመናዊው ጉስታቭ ቮልፍ በ1895 ደግሞ ነገሩን አጉልቶ አወጣው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ያን ያህል ያስደነቀው እንዲህ ነው፦ በፅንስ ጊዜ ሌንስ የሚሠራው ለቆዳ ከሚሆነው የላይኛው ሽፋን ነው። አይሪስ ግን ከነርቭ ቱቦ፣ ማለትም ከአንጎል ወገን ተለጥጦ የወጣ ነው። ሌንሱ የወጣበት ኒውት አዲሱን የሚሠራው እንግዲህ በፅንስነቱ ሌንስ ሠርቶ ከማያውቅ ሕዋስ ነው። ያውም ጥቁር ቀለም የተሸከመ፣ ሥራው ብርሃን ማገድ የሆነ፣ አድጎ የጨረሰ ሕዋስ። ተጠባባቂ ግንደ ሕዋስ፣ ማለትም ገና ሥራ ያልያዘና ወደ ሌላ ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ፣ ጨርሶ የለበትም። ለተማሪዎችዎ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚነግሯቸው ከሆነ ይህን ይንገሯቸው።

ሂደቱን በቀን እንየው። እስከ 4ኛው ቀን ገደማ ከውጭ የሚታይ ለውጥ የለም፤ ውስጥ ግን መከፋፈል ካቆሙ የቆዩት የአይሪስ ሕዋሳት ዲኤንኤያቸውን መገልበጥ ይጀምራሉ። ከዚያ ቀለማቸውን ይጥላሉ፤ የተጣሉትን ጥቁር ቅንጣቶች ማክሮፌጅ የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት እየዋጡ ያጸዷቸዋል። በ10ኛው ቀን አካባቢ በአይሪሱ የላይኛው ጠርዝ፣ ልክ ከብሌኑ አናት ላይ፣ ቀለም የሌለው ትንሽ ከረጢት ይታያል። ሁለት ሳምንት ሲያልፍ የከረጢቱ የኋላ ግድግዳ ሕዋሳት ይረዝማሉ፤ ክሪስታሊን የሚባሉትን የሌንስ ፕሮቲኖች እያመረቱ ባዶውን ቦታ ይሞሉታል። የፊተኛው ግድግዳ ቀጭን ሽፋን ሆኖ ይቀራል። ከ25 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ቅርጹን የያዘ ሌንስ አለ፤ ወደ ሙሉ መጠኑ ለመድረስ ግን ወራት ይወስዳል። ውኃው ሲቀዘቅዝ ቀኖቹ ሁሉ ይረዝማሉ፤ የሁለት ላቦራቶሪ ቁጥሮች ሳይገጥሙ ሲያዩ መጀመሪያ የውኃውን ሙቀት ይመልከቱ።

ሌንሱ ሁልጊዜ የሚወጣው ከላይኛው የአይሪስ ጠርዝ ነው፤ ከታችኛው መቼም አይወጣም። ታችኞቹ ሕዋሳትም መቀስቀሳቸው አልቀረም፤ አንዳንዶቹ መከፋፈል ይጀምራሉ፣ ከዚያ ይቆማሉ። ተመራማሪዎች ቢኤምፒ የሚባለውን የሕዋስ ምልክት ሲያፍኑት ግን የታችኛውም አይሪስ ሌንስ አወጣ። ችሎታው ታፍኖ ኖሯል እንጂ አልጠፋም ማለት ነው። እኔ በዚህ ዘርፍ ከተገኘው ሁሉ ትልቁ የምለው ይህን ነው፤ ምክንያቱም «የሰው ሕዋስ አይችልም» ስንል ታፍኖ ነው ወይስ ጠፍቶ ነው የሚለውን ጥያቄ ስለሚከፍት።

ማስጀመሪያው ምንድን ነው ካሉኝ፣ አንዱ የደም መርጋት ፕሮቲን የሆነው ትሮምቢን ነው። ሌንሱ ሲወጣ በላይኛው አይሪስ በኩል ይነቃል፤ ሲታገድ ሕዋሳቱ ወደ መከፋፈል አይገቡም። ሁለተኛው ከሬቲና (ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን የኋላ ንጣፍ) በኩል የሚመጣው ኤፍጂኤፍ የተባለው የዕድገት ምልክት ነው። ቀዶ ጥገናው ሲበላሽ ለምን እንደሚበላሽ የሚገባን ከነዚህ ነው።

ቀዶ ጥገናው ራሱ አጭር ነው። ኒውቱ 0.1 በመቶ በሆነ ኤምኤስ 222 የተባለ ማደንዘዣ ውስጥ ይገባል፤ ማደንዘዣው አሲድ ስለሆነ አስቀድሞ በሶዲየም ባይካርቦኔት ይስተካከላል፣ አለዚያ ቆዳውን ያቃጥለዋል። እግሩ ሲቆነጠጥ መሳብ ሲያቆም ኮርኒያው በቀጭን ምላጭ ይሰነጠቃል፤ ሌንሱ ከነከረጢቱ በጥሩ ጉጠት ይወጣል። ስንጥቁ ሳይሰፋ ራሱ ይገጥማል። ጣጣው እዚህ ይጀምራል። የሌንሱ ቁራጭ ውስጥ ከቀረ አዲሱ ሌንስ ይዘገያል ወይም አይመጣም፤ በቦታው ያለ ሌንስ አይሪሱን ስለሚያፍነው ነው። የወጣውን ሌንስ መልሰው ቢከቱት እንኳ መብቀሉ ይገታል። ጉጠቱ የአይሪሱን የላይኛ ጠርዝ ከቀደደው ምንጩ ራሱ ተበላሸ። ጠልቆ ሬቲናውን ከጎዳው ደግሞ ምልክት ሰጪው ይጠፋል። በ20ኛው ቀን ባዶ ዓይን ያዩ ሰዎች «ይህ ዝርያ አያበቅልም» ብለው ከመደምደማቸው በፊት ከነዚህ አንዱ እንዳልደረሰ ማጣራት አለባቸው።

ዕድሜ ኒውትን አያግደውም። በ2011 በታተመ ጥናት የጃፓን ኒውቶች ሌንስ በ16 ዓመት ውስጥ 18 ጊዜ ወጥቶ 18 ጊዜ በቅሏል፤ የመጨረሻው ሌንስ ምንም ቀዶ ካልነካው ኒውት ሌንስ አልተለየም። አክሶሎትል ግን፣ እግሩን ዕድሜ ልኩን የሚያበቅለው ያ ታዋቂ ሳላማንደር፣ ሌንስ የሚያበቅለው ከተፈለፈለ በኋላ ሁለት ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ብቻ ነው። እግር የሚያበቅል ሁሉ ዓይን አያበቅልም፤ ተማሪዎችዎ የተደናገሩት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ዜኖፐስ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙበት ዜኖፐስ ሌቪስ የደቡብ አፍሪካ ነው፤ ዜኖፐስ ክሊቪይ የሚባለው ዘመዱ ግን በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋማ ውኃዎች ይኖራል። በዜኖፐስ እጭ ላይ አይሪሱ ምንም አይሠራም። ሌንሱ ሲወጣ የኮርኒያው ውጫዊ ሽፋን ሕዋሳት ይወፍራሉ፣ ይከማቻሉ፣ ከዚያ ተቋጥረው ወደ ውስጥ ሌንስ ይሆናሉ፤ በ10 ቀን ገደማ ነገሩ ቅርጽ ይይዛል። ምልክቱ የሚመጣው ከኋላ፣ ከሬቲናና ዓይኑን ከሞላው ዝልግልግ ነገር ነው። የእጩ ኮርኒያ ግን ሁለት ሽፋን አለው፤ ውስጠኛው ቶሎ ከገጠመ ምልክቱን ያግደዋል፣ ሌንስም አይኖርም። በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ ከተቀደዱ እጮች ከፊሎቹ አብቅለው ከፊሎቹ የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። እጩ ወደ እንቁራሪትነት ሲለወጥ ችሎታው የሚጠፋበት ትልቁም ምክንያት ይኸው ነው፤ ውስጠኛው ሽፋን በፍጥነት ይዘጋል። የኮርኒያው ሕዋሳትማ ምልክቱ ከደረሳቸው አሁንም መልስ ይሰጣሉ።

ሬቲና ሌላ ታሪክ አለው። ከሬቲና ጀርባ ጥቁር ቀለም የያዘ አንድ የሕዋስ ንጣፍ አለ፤ ፒግመንት ኤፒተልየም ይባላል። የአዋቂ ኒውት ሬቲና ሙሉ በሙሉ ቢወጣ እነዚህ ሕዋሳት ከተጣበቁበት ይላቀቃሉ፣ ቀለማቸውን ይጥላሉ፣ ይባዛሉ፣ ንብርብሩን እንደ ገና ይሠራሉ፤ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ዜኖፐስም አዋቂ ሆኖ ይህን ይችላል፤ ነገር ግን የሬቲናው የደም ሥር ሽፋን በቦታው መቅረት አለበት። ቀለም ያላቸው ሕዋሳት ወደዚያ ሽፋን ተሻግረው ነው ሬቲና የሚሆኑት፤ ሽፋኑ አብሮ ከተነሣ የሚያርፉበት የለም። ከዚህ ሌላ የእንቁራሪት ሬቲና ዳር ላይ ግንደ ሕዋሳት የያዘ ቀለበት አለ፤ እንስሳዋ ስታድግ ሬቲናውም ከዚያ እየተጨመረለት ያድጋል፤ የዳር ጉዳትም ከዚያ ይጠገናል።

ባልዲ ውስጥ ላለችው ዓይነት አዋቂ እንቁራሪት ያለ ጥርጥር የምትችለው የዕይታ ነርቭን መመለስ ነው። ነርቩ ሲቆረጥ ከሬቲና ያሉት የነርቭ ሕዋሳት ከፊላቸው ይሞታሉ፤ የተረፉት ክራቸውን እንደ ገና ወደ አንጎል ይልካሉ፤ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ማየት ትጀምራለች። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮጀር ስፔሪ በ1940ዎቹ ነርቩን ቆርጦ ዓይኑን 180 ዲግሪ አዞረው። ነርቩ በቀለ፤ እንቁራሪቷ ግን ዝንቡ ከላይ ሲሆን ወደ ታች፣ ከፊት ሲሆን ወደ ኋላ ትወረወር ጀመር፤ ዕድሜ ልኳንም አላረመችውም። እያንዳንዱ ክር ልምድ ሳያስፈልገው በኬሚካል ምልክት እየተመራ የድሮ አድራሻውን እንደሚያገኝ የታወቀው ከዚህ ነው። የሰው የዕይታ ነርቭ ሲቆረጥ አይበቅልም፤ ዙሪያው ባለው ማይሊን የሚባል የነርቭ ሽፋን ውስጥ ያሉ አጋጅ ፕሮቲኖችና ጠባሳው ያስቆሙታል፣ ሕዋሳቱ ራሳቸውም ቢሆኑ በአዋቂነት የማደግ አቅማቸው ይዳከማል።

ያ ጥቁር ንጣፍ በሰው ዓይንም አለ። ሬቲና ሲቀደድ የእኛም ሕዋሳት ይላቀቃሉ፣ ይባዛሉ፤ እስከዚህ ከኒውት ጋር እኩል ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ሬቲና በመሆን ፈንታ ጠባሳ ይሆናሉ፤ ጠባሳው እንደ ደረቀ ቆዳ እየተኮማተረ የቀረውን ሬቲና ይጎትተዋል። የዓይን ሐኪሞች ከተሳካ የሬቲና ቀዶ በኋላም የሚፈሩት ይህን ነው።

ለክፍል ስላሉት፦ ዓይን የሚነካ ቀዶ በትምህርት ቤት አይሞከር። ማደንዘዣው፣ ማይክሮስኮፑና ፈቃዱ ሳይኖር የሚተርፈው ሥቃይ ብቻ ነው። የዚህ ዓይነት ሥራ የእንስሳት ሥነ ምግባር የሚመረመርበት የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነው፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ ስላለው የባዮሎጂ መምህራኑን ማማከር ይችላሉ። ያለ ምላጭ የሚሠራ ግን አለ። ነጭ ወረቀት ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ጥቁር ቋሚ መስመሮች ያስምሩ፤ ጠቅልለው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቱቦ ያድርጉት። እንቁራሪቷን በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ መሐል ላይ ያስቀምጡ፤ 10 ደቂቃ ትረጋጋ። ከዚያ ቱቦውን በ30 ሴኮንድ አንድ ዙር በሚሆን ፍጥነት ያዙሩት። የምታይ ከሆነ ራሷ መስመሮቹን ቀስ ብሎ ይከተላል፣ መልሶም ፈጠን ብሎ ይስተካከላል። እንቁራሪት በአንድ ዓይን ስታይ የምትከተለው በዚያ ዓይን ፊት ከኋላ ወደ ፊት የሚሄደውን ነው። ከላይ ሲያዩት በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ብቻ ከተከተለች የሚያየው የግራ ዓይኗ ነው፤ በተቃራኒው ሲዞር ብቻ ከሆነ የቀኙ። የነጣው ዓይን ብርሃን ብቻ ሳይሆን ምስል እየለየ መሆኑን የምታውቁት በዚህ ነው። ዝም ካለች ብዙውን ጊዜ ፈርታ ነው ወይም ቱቦው ፈጥኖባት፤ ዕውር ናት ለማለት አትቸኩሉ።

ዓይን ሲበቅል በዓይናቸው ማየት ከፈለጉ ፕላናሪያ ይሻላል፤ ጠፍጣፋ የውኃ ትል ነው፣ ከጣና ሐይቅም የተገለጸ የራሱ ዝርያ አለው። ከከተማው በታች ያለው ቦርከና የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ስለሚገባበት እዚያ አይድከሙ፤ ጥላ ያለው ንጹሕ ምንጭ፣ ለምሳሌ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ድንጋይ ሥር ይፈልጉ። አመሻሽ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጥሬ ጉበት በጋዝ ጨርቅ ጠቅልለው ለአንድ ሁለት ሰዓት ይተዉት። ቢልሃርዚያ በአካባቢው ስላለ ተማሪዎች ባዶ እግራቸውን ውኃ አይግቡ፤ ቦቲና ጓንት ያድርጉ። ትሎቹን በምንጩ ውኃ 7 ቀን ሳያበሉ ያቆዩዋቸው፤ ሆዱ የሞላ ትል ሲቆረጥ ይበሰብሳል። እርጥብ ወረቀት በበረዶ ላይ አንጥፈው በአዲስ ምላጭ ከዓይኖቹ ኋላ አንዴ ይቁረጡ። በየሁለት ቀኑ ውኃ ይቀይሩ፣ ምግብ አይስጡ። ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ላይ ሁለቱ ጥቁር የዓይን ነጥቦች ከ4ኛው እስከ 7ኛው ቀን ይታያሉ። በደሴ ብርድ ይዘገያሉ፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ውኃው ቶሎ ስለሚበላሽ ወደ ቀዝቃዛው ጥግ ያርጓቸው። የሳሙና ቅሪት ያለበት ዕቃ በአንድ ሌሊት ይጨርሳቸዋል። ለተማሪዎች ግን ልዩነቱ ይነገር፤ ፕላናሪያ ዓይን የሚሠራው በገላው ከተሠራጩ ግንደ ሕዋሳት ነው፣ ኒውት ግን ሥራ ላይ ያለን ሕዋስ ወደ ኋላ መልሶ ነው።

እናትዎን በተመለከተ፣ ሞራው አልበቀለም። ሐኪሙ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሹን ሲያስገባ የሌንሱን ከረጢት ሆን ብሎ ይተወዋል፤ አዲሱ ሌንስ የሚቀመጥበት ነውና። ከረጢቱ ላይ የቀሩ ጥቂት ሕዋሳት በወራትና በዓመታት ወደ ኋላው ግድግዳ እየተሳቡ ያደበዝዙታል። ይህ በጣም የተለመደ እንጂ የቀዶው ስህተት አይደለም። እነዚሁ ሕዋሳት በሕፃናት ላይ ሌላ ጠባይ አላቸው፤ በ2016 በቻይና ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ 12 ሕፃናት ከረጢቱ ላይ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብቻ ተከፍቶ ሞራው ሲወጣ፣ የቀሩት ሕዋሳት ጥርት ያለ ሌንስ ሠርተዋል። በእናትዎ ዕድሜ ግን ይህን መጠበቅ አይቻልም።

ድብዝዝታው ከከረጢቱ ከሆነ ያግ በሚባል ሌዘር መሐሉን ከፍቶ ማጥራት ይቻላል፤ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ምላጭ የለውም፣ የዚያኑ ቀን ቤቷ ትገባለች። ይሁን እንጂ ግላኮማም፣ ስኳርም፣ የሬቲና ችግርም እንዲሁ ያደበዝዛሉ፤ ስለዚህ በግምት አይተዉት፣ በብሌን ማስፊያ ጠብታ የዓይኗ ውስጥ ይታይላት፤ ግፊቱም ይለካ። ቀዶ ያደረገላት ክፍል የሰጣት ካርድ ካለ ይዛ ትሂድ፤ የገባላት ሌንስ ዓይነት እዚያ ላይ ተጽፎ ይሆናል። ብልጭታ ካየች፣ በድንገት ብዙ ጥቁር ነጠብጣብ ከተንሳፈፈባት፣ ከአንድ ጎን መጋረጃ የወረደ መስሎ ከታያት፣ ወይም ዓይኗ ቀልቶ ካመማት ቀጠሮ ሳይጠብቁ ያንኑ ቀን ይውሰዷት።